ዜሮ ያልኳት ቦይ

ከቁጥር ሁሉ ለሰነፍ የሚመቸው ዜሮ ነው። ብትደምረው አያስቸግርህም፣ ብታባዛው ሥራህን በአንድ ጊዜ ይጨርስልሃል፣ ብትተወውም ቀረሁ ብሎ የሚከስህ የለም። እኔ ይህን የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ማትሪክስ የምንላቸውን ትልልቅ የቁጥር ሠንጠረዦች ኮምፒውተር በስንት እርምጃ ይፈታቸዋል፣ እርምጃውስ እንዴት ይቀነሳል በሚል ጉዳይ ላይ ነው። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ያነበቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወረታ ተመልሼ የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ስሜ አለኸኝ ካሴ ነው፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ግን "አቶ እርምጃ" ይሉኛል። ሻይ ሲቀርብ አንዱ ተነስቶ፣ ይህን ብርጭቆ በስንት እርምጃ ትጨርሰዋለህ ይለኛል፣ ሁሉም ይስቃል። አብሬ እስቅ ነበር፣ ውስጤ ግን ይበግናል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስበግን ኖሬአለሁ። ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይምሰላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ከዚህ ብግነት ስለሚጀምር ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ አቶ ሰውመሆን የሚባል ኃላፊ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሆነ መናገሩ ምንም አይጠቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ችኩል ነበር። የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ከላይ የርብ ወንዝ ሲሞላ፣ ከታች የጣና ሐይቅ ሲገፋ ይጥለቀለቃል። ማን ይውጣ፣ ማን ይቀመጥ የሚለውን ድሮ የሚወስነው ገበሬው ራሱ ነው፤ ሰማዩን አይቶ፣ የወንዙን ቀለም አይቶ፣ ከብቱን ወደ ጣራ ገዳም ግርጌ ወደ ከፍታው ይነዳል። አቶ ሰውመሆን ግን ካርታ ፈለገ። የሚጥለቀለቀው ጎጥ በቀይ፣ የማይነካው በአረንጓዴ የተቀባበት፣ ሐምሌ ሲገባ ከዞን የሚመጡ እንግዶች ፊት የሚሰቀል ካርታ። ወረታ ውስጥ ይህን መሥራት የሚችል አንተ ብቻ ነህ ይሉኛል አለኝ። ማን እንዳለው አልጠየቅሁትም። ያንን ቃል ስጠብቅ ስለኖርኩ ለማጣራት አልቸኮልኩም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሜዳው በይዞታ ደብተር ሃያ አራት ሺህ ማሳ ተብሎ ተመዝግቧል። ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ያልታወቀ ቁጥር አለ፤ ውሃው ምን ያህል ከፍ ብሎ ይቆምበታል የሚለው። የአንዱ ማሳ ውሃ በጎረቤቶቹ ውሃ ስለሚወሰን ሃያ አራት ሺህ እኩልታ ይኖርሃል፤ ሃያ አራት ሺህ ረድፍ፣ ሃያ አራት ሺህ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ። ለመፍታት አንዱን ማሳ ትይዝና ከቀሩት እኩልታዎች ሁሉ ታስወጣዋለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ማሳው እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በመጽሐፎቻችን እንዲህ ያለው ስሌት በፖሊኖሚያል ጊዜ ያልቃል ይባልና "ቀልጣፋ" ከሚባሉት ተርታ ይመደባል። ይህን ምደባ ያወጣው ሰው በነሐሴ ፎገራ ላይ ቆሞ አያውቅም። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ የተተነበየልንን የክረምት ዝናብ በየግማሽ ቀኑ ለመከታተል ደግሞ ሁለት መቶ ዙር ያስፈልጋል። አሥራ ሰባት ቀን መሆኑ ነው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ወረታ ላይ መብራት አሥራ ሰባት ቀን ሳይጠፋ የቆየበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።

ማምለጫ አለ፤ እኔም የተማርኩት ማምለጫውን ነው። ማሳዎቹን ከርብ ወደ ጣና በተርታ ብትቆጥራቸው ጎረቤትና ጎረቤት ቁጥራቸው ይቀራረባል። ያኔ ከዜሮ የተለዩት ቁጥሮች በሙሉ በሠንጠረዡ ሰያፍ መስመር ግራና ቀኝ እንደ ቀበቶ ይሰበሰባሉ፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ዜሮ ነው። አንዱን ማሳ ከሃያ አራት ሺህ እኩልታ ማስወጣትህ ቀርቶ ከመቶ ሃምሳ ብቻ ታስወጣዋለህ። አሥራ ሰባቱ ቀን ሦስት ደቂቃ ይሆናል። እንግዶቹ ሻይ ሳይጨርሱ ካርታው ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ከማሳ ወደ አጎራባች ማሳ እንጂ ከሩቅ ወደ ሩቅ መዝለል የለበትም። ከዘለለ በሠንጠረዡ ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ይቀመጣል፣ ያም ቁጥር ስትፈታው በመንገዱ ያሉትን ዜሮዎች ሁሉ እየሞላ ይሄዳል።

ከሩቅ ወደ ሩቅ የሚዘል ውሃ ደግሞ ነበረን። በእኛ በኩል ሁለት ቤተሰብ ሲጋባ ሽማግሌዎቹ ከጥሎሹ ቀጥለው የሚነጋገሩት ስለ ውሃ ነው። ላይኛው ቤት ሲተርፈው ለታችኛው ቤት ሩዝ የሚያሳልፍበት ቦይ ይቆፈራል። የሙሽራዋ ወገን ከላይ፣ የሙሽራው ወገን ከታች ይጀምሩና በአንድ ቀን ደቦ መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ እዚያው ይበላል፣ ይጠጣል። የአማች ቦይ እንለዋለን። ታላቅ እኅቴ ገላነሽ ለቻላቸው ስትዳር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ማሳ፣ ከርብ አፋፍ ተነስተን፣ እነ ቻላቸው እስከሚኖሩበት እስከ ውሃ ዳር ጎጥ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቆፍረናል። ጎጧ በርብ በኩል ጉብታ አላት፤ ጎርፉ ያንን ጉብታ ዞሮ ስለሚያልፍ ከኋላዋ ነክቷት አያውቅም። ጉብታውን በዶማ የቆረጥነው እኔና ሦስት የአጎቴ ልጆች ነን። እጄ ውሃ ቋጥሮ ስመለስ ገላነሽ ለሠርጓ ከተቀመጠው ቅቤ ቀንሳ ቀባችልኝ።

እነዚህ ቦዮች በየትኛውም ካርታ ላይ የሉም። ብዙዎቹ የወል ግጦሹን አቋርጠው ያልፋሉ፣ የወል መሬት መቆፈር ደግሞ ክልክል ነው። የተገኘበት ሰው ከማሳው ይቀነስበታል። ስለዚህ በበጋ አፋቸው በሣር ይደፈናል፣ ባለሙያ ሲመጣም ማንም አያነሳቸውም። አቶ ሰውመሆን በሰኔ መጀመሪያ ቀበሌው ላይ ስብሰባ ጠራና ውሃ ወደ ሩቅ ማሳ የሚያሳልፍ ነገር ካለ ንገሩኝ አለ። ስድሳ ያህል ሰው ተቀምጧል፣ ከስድሳው ሃምሳው የአማች ቦይ አለው። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባቴ ከፊት ረድፍ ነበሩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝና ፊታቸውን መለሱ። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የለም፣ ጌታው አለ። አቶ ሰውመሆን ወደ እኔ ዞሮ እንግዲያው ዜሮ ብለህ ያዘው አለኝ፣ ያዝኩት።

አባቴን አዳንኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሱ ግማሹ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ቦዮቹ ከገቡ ቀበቶዬ ይበጣጠሳል፣ ሦስት ደቂቃዬም ይጠፋል የሚል ነበር።

ይህን የነገርኳት ለያስሚን ብቻ ነው። ያስሚን የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ወረታ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው የሳልህ ልጅ። ስሌቱን የምሠራው በእሷ ክፍል ነበር። የቦዮቹን ነገር ስነግራት ስንት ይሆናሉ ብላ ጠየቀችኝ፣ ሦስት መቶ ቢሆኑ ነው አልኳት። ጠመኔ አነሳች።

"ታዲያ ለሦስት መቶ ቦይ ብለህ ሃያ አራት ሺውን ለምን እንደገና ታበጣብጠዋለህ፣ ጋሽ አለኸኝ?" አለችኝ። "ቦይ እንደሌለ አድርገህ ፍታው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦይ፣ ከላይ አንድ ባልዲ ቢገባና ከታች ቢወጣ ማሳዎቹ ስንት ስንት ይለወጣሉ ብለህ ብቻ ጠይቅ፣ ያንን ደምርበት። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።"

ትክክል ነበረች። ደግሞም አዲስ ነገር አልነገረችኝም፤ ከመቶ አሥራ ሁለቱ ገጽ ሰባ አራተኛው ላይ እኔው ጽፌዋለሁ። የከበደኝ ግማሹ ሰዓት አልነበረም። ቦዮቹን ለማስገባት ከየት ተነስተው የት እንደሚወጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሜዳውን በጭቃ መዞር፣ ገበሬውን አንድ በአንድ መለመን፣ አትቀጣም ብሎ ማሳመን፣ ካልታመኑም ነገ ተመልሶ መሄድ አለ። እንዲህ ያለውን እርምጃ የእኛ መጽሐፍ አይቆጥረውም። ያስሚን ግን አልተወችኝም። እሺ፣ ቢያንስ መነሻና መድረሻውን የምታውቀውን አንዱን አስገባ አለችኝ። አንዱን አስገብቼ ሌላውን ብተው ስሌቱ ዝንጉርጉር ይሆናል ብዬ መለስኩላት። አነጋገሬ የሳይንስ ይመስል ነበር። የማውቃት ቦይ የአባቴ ናት፣ ካርታው ላይ ከወጣች የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የታየኝ እሱ ብቻ ነበር። ያስሚን ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች፣ እንደፈለግህ አለችኝ።

ሐምሌ ሁለት ቀን እንግዶቹ መጡ። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ሰዓት ያዙልኝ፣ ሦስት ደቂቃ ከሰባት ሰኮንድ። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ አጨበጨቡ። አቶ ሰውመሆን ትከሻዬን ይዞ ይህ የእኛው የወረታ ልጅ ነው አላቸው። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር እጄን ጨበጠኝ፣ በማግስቱም ማረፊያው ውስጥ ስለ ሻይ ብርጭቆ የቀለደ ሰው አልነበረም። ልዋሽ አልችልም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ካርታው በየቀበሌው ተለጠፈ። ውሃ ዳር ጎጥ አረንጓዴ ሆነች። በሳምንቱ ቻላቸው ራሱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ በር ላይ አስጠራኝ። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሲናገርም ዱላውን እያየ ነው። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሄዶ ያየ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሃያ አራት ሺው እኩልታ፣ ስለ ሁለት መቶው ዙር፣ ስለ ዝናቡ መጠን ያለማቋረጥ አወራሁለት። ሰው ያልገባውን ነገር ሲሰማ እንዴት ዝም እንደሚል አስተማሪ ሆኜ በደንብ አውቃለሁ። ዝም አለ። ስለ ቦዩ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ደህና ዋል መምህር ብሎኝ ሄደ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገላነሽ ደወለችልኝ። ቻላቸው እንደ ልማዱ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ለመውጣት ዕቃ ማሰር ጀምሯል።

"ካርታውን አላመነውም" አለችኝ። "የርብ ቀለሙ አላማረኝም፣ እንውጣ ነው የሚል። እኔ ደግሞ ሁለቱ ላሞች ሊወልዱ ደርሰዋል፣ የሩዙ አረምም ገና ነው፣ ትቼው ብሄድ ይበላዋል። አንተ የምትለውን ልስማ ብዬ ነው።"

አረንጓዴ ናችሁ አልኳት።

"ቦያችንስ? እሱን አስገብተኸዋል?"

ይህን ጥያቄ ከዞን የመጡት እንግዶች አልጠየቁኝም፣ አቶ ሰውመሆንም አልጠየቀኝም። የጠየቀችኝ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኅቴ ናት። አላስገባሁትም ብላት ለምን ትለኛለች፣ ለምን ካለችኝም የምመልስላት የለኝም። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ፣ በእሷም ተናደድኩ። በዚያች ቅጽበት ቢቆጠር ሁለት ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አላስገባሁትም፣ ውጡ።

"ሁሉም ገብቷል" አልኳት። "እናንተ ጋ ምንም አይደርስም።"

"እንግዲያው አስቀረዋለሁ" አለች፣ ድምፅዋ ቀለል ብሎ። "ወንድሜ ነው የሠራው እለዋለሁ።"

በሐምሌ መጨረሻ ርብ በሚነሳበት በጉና ተራራ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ነሐሴ አምስት ቀን ርብ ሞላ። ቻላቸው የዚያን ዕለት ይፋግ ገበያ ነበር። የጎጡ ሰው ውሃ ይመጣብናል ብሎ የሚጠብቀው ከፊት፣ ከጣና በኩል ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ እያየ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃው ከኋላ መጣ። በአባቴ ማሳ ገብቶ፣ በቦያችን ወርዶ፣ ጉብታውን በቆረጥንበት ቦታ እየሰፋ ወጣ። ገላነሽ ሁለቱን ልጆቿን ቆጥ ላይ አወጣቻቸው፣ ከዚያ የታሰሩትን ላሞች ልትፈታ ወደ በረቱ ተመለሰች። ልጆቹ ከቆጡ ሆነው ሲጠሯት ሁለት ጊዜ መልሳላቸዋለች።

ከጎጧ አርባ ቤት ውስጥ የሞተችው እሷ ብቻ ናት። በማግስቱ ጠዋት በታንኳ የወጡ ጎረቤቶች ከበረቱ አጥር ጋር ተጣብቃ አገኟት፣ የላሟ ገመድ እጇ ላይ ተጠምጥሟል። አንደኛዋ ላም ተፈትታ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ስለሆነ አስከሬኑን በታንኳ ወስደን በዚያው ቀን ቀበርናት። አባቴ ከቀብር እንደተመለሱ ዶማ አነሱና በርብ አፋፍ ያለውን የቦዩን አፍ ብቻቸውን ሲደፍኑ ዋሉ። ልረዳቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ።

አቶ ሰውመሆን በሦስተኛው ቀን ደወለ። በመጀመሪያ አፅናናኝ፣ በደንብ አፅናናኝ። ቀጥሎ ካርታው ከመቶ ዘጠና አራት እጅ ትክክል ሆኖ መገኘቱን ነገረኝ። ለመስከረም የምስጋና ወረቀት እየተዘጋጀልኝ ነው። ዘጠና አራቱን ማን እንደቆጠረው፣ ስድስቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ አልጠየቅሁትም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ያስሚን ለቅሶ ልትደርስ ከአባቷ ጋር መጣች፣ ስለ ስሌቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ነኝ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሏ ድረስ የሄድኩት። ኮምፒውተሩን ክፈችልኝ አልኳት። የቦዩን መነሻ፣ መድረሻውን፣ በሠርጉ ጊዜ የቆፈርነውን ስፋትና ጥልቀት ነገርኳት፣ እሷ ጻፈችው። የሚለወጠው በጣም ጥቂት መስመር ነበር። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰኮንድ ፈጀ። የእኅቴ ቦይ በስሌቱ ላይ የጨመረችው አራት ሰኮንድ ነው።

ውጤቱ ወጣ፤ ነሐሴ አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቻላቸው በር ላይ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ ምልክት በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ፣ አንድ ሜትር ከሠላሳ አምስት ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ለእንዲህ ያለ ስሌት ምንም አይደለም። ማሽኑ የእኅቴን ሞት በቀኑና በሰዓቱ ያውቀው ነበር ማለት ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው ያጣው። ያስሚን ስክሪኑን አጠፋች።

"ለቻላቸው ትነግረዋለህ?" አለችኝ።

በአርባዋ እነግረዋለሁ አልኳት።

አርባዋ መስከረም ውስጥ ዋለ። ውሃው ጎድሎ ሜዳው ጭቃ ብቻ ሆኗል፣ ከሩዙ የተረፈ የለም። ከወረታ ስነሳ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ቦዩን አላስገባሁትም፣ አስገብቻለሁ ብዬ ዋሸኋት። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በዱላው ቢለኝም፣ ሰው ፊት ቢሰድበኝም የሚገባኝ ነው አልኩ። ወረታን ወጥቼ ውሃ ዳር እስክደርስ ደጋግሜ በልቤ አነበነብኩት፤ ልክ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና እንደማደርገው።

ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን ቻላቸው እጄን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። በአርባ ቀን ውስጥ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ልጀምር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ" አለ፣ እንደ ልማዱ መሬት እያየ። "ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ተቆራርጦ ሩዙ ጠወለገብኝ። ቦዩን አንድ ክንድ አጠለቅሁት። ብቻዬን፣ ሰው ሳያየኝ። አንተ ጋ ትምህርት ቤት የመጣሁ ጊዜ ልነግርህ ነበር፣ ባለሙያ ይሰማብኛል ብዬ ፈራሁ። እሷ ደግሞ ቦዩ ገብቷል ብሎኛል ስትለኝ የድሮው ነው የገባ፣ ይኸኛው አይደለም ማለት አቃተኝ።"

ዱላውን ጭቃው ውስጥ ተከለው።

"አንተማ ልክ ነበርክ" አለ። "የነበረውን ቦይ ነው ያሰላኸው። ሳልነካው ብተወው ኖሮ ዛሬ ነበረች። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ መምህር።"

አምስቱ ሳንቲ ሜትር ያኔ ገባኝ። ሰውየው በአንድ ክንድ ቁፋሮው የጨመረው ውሃ ያን ያህል ነው፣ የአንድ ጣት ርዝመት እንኳን አይሞላም። አንዲት ላም እንኳ አይገድልም። ሐምሌ ላይ ዶማ ባያነሳም፣ ቦዩን ባይነካውም፣ ነሐሴ አምስት ቀን በሩ ላይ አንድ ሜትር ከሠላሳ ውሃ ይቆም ነበር። ይህን ዓለም ላይ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷ ያስሚን፣ ወረታ ናት፣ ሌላው ፊቱ ቆሟል። ያዘጋጀሁት ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ከድንኳኑ በኩል ቄሱ፣ አባቴና የጎጡ ሽማግሌዎች ወደ እኛ እያዩ ነው፤ አማቾች ሲተዛዘኑ ማየት ደግ ነገር ስለሆነ ሰው አይኑን አይነቅልም። ልናገር ብዬ ትንፋሽ ወሰድኩ። ከዚያ ማረፊያው ውስጥ የሚጠብቁኝ መምህራን ትዝ አሉኝ፣ የተጨበጨበልኝ ቀን ትዝ አለኝ፣ የአባቴ ከልካይ እጅ ትዝ አለኝ። ትንፋሼን መለስኩት።

ቻላቸው እግሬ ሥር ወደቀ። እኅትህን ነው ያሳጣሁህ፣ ስለ ማርያም ብለህ ይቅር በለኝ አለኝ።

ክንዱን ይዤ አነሳሁት፣ አቀፍኩትም። ይቅር አልኩት።